ለሞተሩ የታሰበው ለሳንባችንም ይታሰብ



ስለ ንጽሕና በተነገረ ቍጥር በመጀመሪያ የሚነሡት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የምንጩ ውሃ ይከለል፤ ምግብ ይከደን፤ የመጸዳጃ ጕድጓድ ይቈፈር፤ የቤቱ መስኮት በየጧቱ ይከፈት ይባላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ምክር ነው፤ ወደ ፊትም መነገሩ አይቀርም። ነገር ግን በዚህ ዘመን የሚኖር ሰው ከቤቱና ከመሥሪያ ቤቱ ቀጥሎ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የሚተነፍስበት አንድ ሌላ ጠባብ ክፍል አለ፤ ይኸውም መኪና ነው። መምህሩ ለስብሰባ፣ ነጋዴው ለገበያ፣ ሕመምተኛው ለሕክምና፣ ተማሪው ለትምህርት ከብቸና ወደ ሞጣ፣ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ፣ በመንገዱ ሁሉ የሚስበው አየር በዚያች ክፍል ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ አየር ንጽሕና ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ወደ መኪና ውስጥ ለሰው የሚገባውን አየር ስለሚያጣራው አነስተኛ ዕቃ ነው። መካኒኮቻችን ፊልትሮ ይሉታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የውስጥ አየር ማጣሪያ እንለዋለን። አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ይህ ዕቃ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ እንደ ሳሙናና እንደ ንጹሕ ፎጣ የንጽሕና ዕቃ ነው። ስለዚህ መኪናው ይህ ማጣሪያ ያለው ሰው ሁሉ በሚገባ መርጦ ሊገዛውና በጊዜው ሊለውጠው ይገባል። ሆኖም ሰው በሞላበት መኪና ውስጥ የተከፈተ መስኮትን ሊተካ አይችልም። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር እናስረዳለን።

የአፈራችንና የአቧራችን ጠባይ

ብቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብለው፣ ከጮቄ ተራሮች ማዶ ባለው ደጋማ አገር የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸው። የብቸና ዙሪያ በጤፉ የታወቀ ነው። ጤፉን የሚያበቅለው፣ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቍር አፈር በክረምት ከጫማ የማይላቀቅ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ይደርቅና ጎማ ሲመላለስበት እንደ ዱቄት ይልማል። በመውቂያው ወራት ደግሞ ከየአውድማው የሚነሣው እብቅና ገለባ ይጨመርበታል። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በፈለገ ብርሃን አልፎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ ለብዙ ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ ኖሮአል። አስፋልት በተነጠፈበት ስፍራም ቢሆን፣ ወደየቀበሌው የሚገነጠሉት መንገዶች ጥርጊያ ስለሆኑ አቧራው ከጎማው ጋር ተጣብቆ ወደ ዋናው መንገድ ይመለሳል።

አቧራ ሁሉ ደግሞ አንድ ዐይነት አይደለም። ትልልቁ ብናኝ በአፍንጫ ጠጕርና በአክታ ተይዞ ይቀራል፤ ሰውም አነጥሶ ወይም ተናፍጦ ያስወጣዋል። የሚያሠጋው በዐይን የማይታየው ነው። የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ማይክሮን ይባላል። ከ10 ማይክሮን የሚያንሰው ብናኝ ወደ አየር ቧንቧዎች ይገባል፤ ከ2.5 ማይክሮን የሚያንሰው ደግሞ አየር ከደም ጋር እስከሚገናኝበት እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይዘልቃል። የአንድ ሰው የራስ ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ፣ ይህ ብናኝ ከጠጕር ወደ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይቀጥናል ማለት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ከ2.5 ማይክሮን የሚያንሰው ብናኝ ከ5 ማይክሮግራም፣ ከ10 ማይክሮን የሚያንሰውም ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሮአል። ይኸው ድርጅት በ2019 በውጭ አየር መበከል ምክንያት በዓለም ላይ 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደ ሞቱ ገምቶአል። ከመንገድ አቧራው ጋር የሚደባለቀው የናፍጣ ጢስም ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ሞተር ጢስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ወስኖአል። ከፊታችን የሚሄደው አሮጌ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚተፋውን ጥቍር ጢስ የምንቀበለው ከኋላ የምንከተለው እኛ ነን።

የምሥራቅ ጎጃም ሰው ጥቃቅን የአፈር ብናኝ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ከማንም ይበልጥ ሊያውቅ ይችላል። በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲመላለሱ የኖሩ ገበሬዎችን የሚይዘውን የእግር እብጠት፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለውን ሕመም፣ ያላየ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት፣ ይህ ዐይነቱ ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ ሳይሆን፣ ከአፈሩ የሚወጣ ረቂቅ ማዕድን በእግር ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት በመግባቱ የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል። መከላከያውም ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። የሳንባ ጕዳት ከዚህ የተለየ ሕመም እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። አፈር በዐይን እስከማይታይ ድረስ ሲደቅ ወደ ሰው አካል የሚገባበትን በር ያገኛል፤ ሰውም በሩን መጠበቅ አለበት።

የሞተሩ ማጣሪያና የሰው ማጣሪያ

መኪና ሁለት የአየር ማጣሪያ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያጣራል፤ ሁለተኛው ወደ ተሳፋሪው የሚገባውን አየር ያጣራል። የመጀመሪያውን የማያውቅ ሾፌር የለም። አቧራ ከገባበት ሞተሩ ኀይል ያጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ውስጡም ይፋቃል ተብሎ በየጊዜው ይፈተሻል፣ ይለወጣል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ሁለተኛው ግን ተረስቶአል። ለሞተሩ ንጹሕ አየር የሚገዛ ባለ መኪና፣ ለገዛ ሳንባውና አጠገቡ ለተቀመጠው ልጁ የሚሆነውን ማጣሪያ ከነመኖሩም የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሞተር ቢበላሽ በገንዘብ ይታደሳል፤ በመለዋወጫ መደብር የሚሸጥ ሳንባ ግን የለም።

ይህ የሰው ማጣሪያ በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ውስጥ የሚገኘው በጋቢናው፣ ከሾፌሩ አጠገብ በሚቀመጠው ሰው ጕልበት ፊት ካለው መሳቢያ በስተጀርባ ነው። በአንዳንዶቹ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በሌሎቹም ከኮፈኑ ሥር ከፊት መስተዋቱ ግርጌ ይገኛል። አየሩ ከፊት መስተዋቱ ግርጌ ባለው ወንፊት መሰል ክፍተት ገብቶ፣ በማጣሪያው ውስጥ አልፎ፣ በማራገቢያው ተገፍቶ ወደ እኛ ይደርሳል።

አሠራሩን ለመረዳት የእናቶቻችንን ወንፊት ማሰብ ይጠቅማል። ዱቄት ሳይነፋ አይቦካም፤ ጠላም ሳይጠለል ለእንግዳ አይቀርብም። ነገር ግን ወንፊት የሚይዘው ከቀዳዳው የሚበልጠውን ብቻ ነው። የአየር ማጣሪያ ከዚህ ጥቂት ይለያል። እርሱ እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ስለሆነ፣ ከቀዳዳው የሚያንሰው ብናኝ እንኳ በመጠላለፊያው ውስጥ ሲጓዝ ከክሮቹ ጋር እየተጋጨ ይጣበቃል። በብዙዎቹም ማጣሪያዎች ክሮቹ የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲይዙ ሆነው ስለሚሠሩ፣ ማበጠሪያ በደረቅ ጠጕር ላይ ታሽቶ ቍራጭ ወረቀት እንደሚስብ ሁሉ ብናኙን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ ማጣሪያው ለምን መታጠብ እንደሌለበት ስለሚያስረዳ ነው።

ስለ አመራረጡ

በገበያ ላይ የሚገኙት ዐይነቶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ብናኝን ብቻ የሚይዘው ነጭ ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው በክሮቹ መካከል የነቃ ከሰል ያለበት፣ መልኩም ጥቍር ወይም ግራጫ የሆነው ነው። የነቃ ከሰል ውስጡ በረቂቅ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽታ ተዘርግቶ ቢለካ ብዙ መቶ ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት መጥፎ ሽታንና አንዳንድ የጢስ ጋዞችን ይይዛል። ሦስተኛው ሄፓ የሚል ስም የሚሰጠው ጥቅጥቅ ያለው ማጣሪያ ነው። በእውነተኛው መለኪያ ሄፓ ማለት 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ ከመቶው 99.97 እጁን የሚይዝ ማለት ነው፤ ይህ ስም የተጻፈበት ሁሉ ግን ይህን ያሟላል ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ለዚያ ባልተሠራ መኪና ላይ ከመጠን በላይ ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ቢገባ፣ ማራገቢያው አየሩን ለመግፋት ይቸገራል።

በእኛ በኩል ለብቸናና ለሞጣ መንገድ የምንመክረው፣ በልኩ የሆነና በጊዜው የሚለወጥ የመጀመሪያውን ዐይነት ነው። ችግራችን በይበልጥ አቧራ እንጂ ጋዝ አይደለምና። ውድ ማጣሪያ ገዝቶ ሁለት ዓመት ከመቆየት፣ ርካሹን ገዝቶ በዓመት ሁለት ጊዜ መለወጥ ይሻላል። ብዙውን ቀን በአዲስ አበባ የመኪና ግፊያ ውስጥ የሚውል ሰው ግን ከሰል ያለበትን ቢመርጥ ይጠቀማል። ከሰሉ ሲጠግብ በዐይን እንደማይታይ ግን ማስታወስ አለበት፤ ገና ንጹሕ ቢመስልም ሽታ መልሶ ከተሰማ ጊዜው አልፎአል።

ከዐይነቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልኩ ነው። ማጣሪያው ከማደሪያው በጣት ውፍረት እንኳ ቢጠብብ፣ አየር እንደ ውሃ ሁሉ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በጎኑ ያልፋል፤ ማጣሪያውም ለስም ብቻ የተቀመጠ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው የመኪናውን ዐይነትና የተሠራበትን ዓመት ይዞ መሄድ፣ ቢቻልም አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ይገባዋል። ጠርዙ ያልተጣመመ፣ እጥፋቶቹ እኩል የሆኑና ያልተላቀቁ፣ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት የተሣለበት፣ ማሸጊያው ያልተቀደደና እርጥበት ያልነካው መሆኑን ይመልከት። እነዚህን የማያሟላ ከሆነ ዋጋው ቢቀንስም ትርፍ የለውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበረከቱ መጥተዋል። እነዚህ መኪኖች ጢስ አይተፉም፤ ከመንገዱ አቧራ ግን አያመልጡም። የሞተር አየር ማጣሪያና የሞተር ዘይት የላቸውም ተብሎ የሰው ማጣሪያቸው እንዳይዘነጋ ያሠጋናል። የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪው እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የውስጥ አየር ማጣሪያው የትኛው እንደ ሆነና መለዋወጫው በአገር ውስጥ መገኘቱን ቢጠይቅ አስተዋይነት ነው።

ስለ አለዋወጡ

የመኪና ሠሪዎች መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በየ15,000 እስከ 30,000 ኪሎሜትር፣ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ ይላሉ። ይህ የተጻፈው ግን ለንጹሕ መንገድ ነው፤ እነዚሁ መጻሕፍት አቧራ በበዛበት አገር ጊዜው እንዲያጥር ያስጠነቅቃሉ። የእኛ አሳብ በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በወቅት እንዲቈጠር ነው። አንደኛው ለውጥ የበጋው አቧራ ሲጀምር በኅዳር ይሁን። በየካቲት የመውቂያው እብቅ ካለፈ በኋላ ተከፍቶ ይታይ። ሁለተኛው ለውጥ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ይሁን። የክረምቱ ምክንያት ከጤና አልፎ የሕይወት ጕዳይ ነው። በዝናብና በጉም ጊዜ የፊት መስተዋት በተሳፋሪው ትንፋሽ ይደበዝዛል፤ ይህንንም የሚያነጣው ከማራገቢያው የሚመጣው ብርቱ አየር ነው። የታፈነ ማጣሪያ ያለው መኪና መስተዋቱን ማድረቅ ያቅተዋል፤ ሾፌሩም በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው መስተዋት እየወለወለ በጭቃ መንገድ ላይ ይነዳል።

ማጣሪያው መታፈኑን የሚያመለክቱ ምልክቶች አሉ። ማራገቢያው እየጮኸ አየሩ ሲደክም፣ የሻጋታ ሽታ ሲመጣ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ከተወለወለ በኋላ ቶሎ አቧራ ሲታይ፣ መስተዋቱ ዘግይቶ ሲነጣ ጊዜው ደርሶአል ማለት ነው።

አሠራሩ በጣም ቀላል ስለሆነ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ያለ መካኒክ ሊከናወን ይችላል። አስቀድሞ ሞተሩና ማራገቢያው ይጥፋ። የሚሠራውም ሰው አፍንጫውንና አፉን ይሸፍን። መሳቢያው ባዶ ሆኖ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ተጭኖ ሲለቀቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጀርባው ያለው ክዳን ይከፈታል። አሮጌው ማጣሪያ እንደ ተጋደመ ቀስ ተብሎ ይሳብ፤ ቢያዘነብል የያዘው አቧራ ወደ ማራገቢያው ይወድቃልና። ማደሪያው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በጤፍና በገብስ ጎተራ አጠገብ በሚያድር መኪና ውስጥ አይጥ ገለባ አግብታ ጎጆ የምትሠራው በዚህ ስፍራ ስለሆነ፣ ይህ ቢገኝ በደረቁ ሳይጠረግ በበረኪና ውሃ ርሶ ይነሣ። አዲሱ ቀስቱ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሆኖ ይግባ፤ የተለወጠበትም ቀን በጠርዙ ላይ ይጻፍ። አሮጌው በላስቲክ ታስሮ ወደ ቆሻሻ ማከማቻ ይጣል እንጂ አይቃጠል፤ ብዙው ክር ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ጢሱ ይጎዳል። በመጨረሻም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በየጋራዡ የምናያቸው ሁለት ልማዶች ግን ሊቀሩ ይገባል። አንደኛው አሮጌውን በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶ መመለስ ነው። ይህ ሲደረግ ትልልቁ አቧራ ይወጣል፣ ረቂቁ ይቀራል፣ ክሩም ይላቀቃል፤ የተነሣውን አቧራ ደግሞ የሚተነፍሰው የጋራዡ ልጅ ነው። ሁለተኛው በውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። የታጠበ ማጣሪያ ለዐይን ይነጣል፤ ብናኝ ይስብ የነበረውን ኀይል ግን ያጣል፤ እርጥበቱም ሻጋታ ያበቅላል። ሠሪው ይታጠባል ብሎ ካልጻፈ በቀር አይታጠብም። በተረፈ፣ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የሚያድር መኪና ከፊት መስተዋቱ ግርጌ የሚጠራቀመውን ቅጠል በየሳምንቱ ማንሣት፣ በሚታጠብበትም ጊዜ በዚያ ክፍተት ውስጥ ብርቱ ውሃ አለመልቀቅ የማጣሪያውን ዕድሜ ያረዝማል።

ማጣሪያ የማይሠራው ሥራ

አንዳንድ ሰዎች አሳባችንን ይቃወሙ ይሆናል። ማጣሪያ ምን ያደርጋል፣ መስኮት መዝጋት ይበቃል የሚሉ አሉ። ለዚህ የምንሰጠው መልስ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ስለሆነ በጥሞና እንዲነበብልን እንለምናለን።

አቧራ ሲበዛ መስኮት ይዘጋል። ማጣሪያው የታፈነ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው አየር ደካማና አቧራማ ስለሚሆን፣ ሾፌሩ የውስጡን አየር ብቻ መልሶ የሚያዞረውን ቍልፍ ይጫናል። በዚያን ጊዜ አቧራው ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንዱ ያወጣውን ትንፋሽ ሌላው መልሶ ይስበዋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትና እየሳለ ያለ ቢሆን፣ ከእርሱ የወጣው ረቂቅ ነጠብጣብ በተዘጋው አየር ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ሮበርት ኮኽ የዚህን በሽታ ተሐዋስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ካገኘ ወዲህ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከባድ የሳንባ ነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የተሳፋሪው ጥበቃ እንግዲህ ንጹሕ የውጭ አየር በብዛት መግባቱ ነው። ደኅና ማጣሪያ የሚጠቅመውም በዚህ ነው፤ በአቧራማው ስፍራ መስኮት ተዘግቶ እንኳ የውጭ አየር ተጣርቶ እንዲገባ ያስችላል፤ በውስጡ ያለውም አየር ጥቂት ግፊት ስለሚያገኝ አቧራ በበር ስንጥቅ እንዳይገባ ይከላከላል። አቧራው ካለፈ በኋላ ግን መስኮት መከፈት አለበት።

«ንፋስ ይመታናል፣ መስኮት ዝጉ» የሚለው ቃል በአውቶቡሶቻችን ውስጥ ዘወትር ይሰማል። ታላላቆቻችን ይህን የሚሉት ለሕፃኑና ለደካማው በማሰብ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ብርድ ለሚሰማው ሰው ማዘንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብርድን ጋቢና ነጠላ ይከላከሉታል፤ የተበከለ ትንፋሽን ግን ጋቢ አይከላከለውም። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች በስንዝር ያህል ቢከፈቱ አየሩ ይለወጣል፤ ሕፃን ያዘለች እናትም ንፋሱ በማያገኛት ወንበር ብትቀመጥ ሁሉም ይስማማል። የሚስል ሰው አፉን በመሀረብ ወይም በክንዱ ቢሸፍን ለወገኑ ማሰቡን ያሳያል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከተቀደደ የጢስ ማውጫ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታ የሌለው መርዝ፣ የብናኙም ሆነ የከሰሉ ማጣሪያ አይዘውም። በጋቢና ውስጥ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ መኪናውን አቁሞ መውረድና የጢስ ማውጫውን ማስጠገን እንጂ ማጣሪያ መለወጥ መድኀኒት አይሆንም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አስነሥቶ መቀመጥ ለሞት ያደርሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ መኪናችን አሮጌ ስለሆነ ይህ ማጣሪያ የለውም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ በገጠር መንገድ ከሚያገለግሉት ብርቱ መኪኖችና ከአሮጌዎቹ ሚኒባሶች ብዙዎቹ ማጣሪያ ሳይኖራቸው ተሠርተዋል። እነዚህም ቢሆኑ ያለ ዘዴ አይቀሩም። የበሩና የመስኮቱ ጎማ ያረጀ እንደ ሆነ ይለወጥ። ከፊት ከሚሄደው መኪና አቧራው እስኪረጋ ድረስ ርቆ መንዳት ይልመድ። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጽዳ። አስም ያለበት ተሳፋሪና ቀኑን ሙሉ በበር ላይ የሚውለው ረዳት የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ።

ዋጋውን በሚመለከት፣ አንድ ማጣሪያ በአብዛኛው ከአንድ የሞተር ዘይት ለውጥ ባነሰ ገንዘብ ይገኛል። ቀኑን ሁሉ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር የሚስበውን አየር ብናስብ፣ ከዚህ ያነሰ የሕክምና ወጪ የት ይገኛል? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው

የትራንስፖርት ማኅበራት ይህን ሥራ የእያንዳንዱ ሾፌር ፈንታ አድርገው እንዳይተዉት እናሳስባለን። ማኅበሩ ማጣሪያውን በጅምላ ቢገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ በኅዳርና በግንቦት ቀን ቈርጦ ቢያስለውጥም አይረሳም። ወላድና ሕመምተኛ የሚያመላልሱ አምቡላንሶች ከሁሉ አስቀድመው ሊታሰብላቸው ይገባል፤ ትንፋሹ የደከመ ሰው አቧራ ሊጨመርበት አይገባምና። በየዓመቱ ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ ፍሬንና መብራት እንደሚታይ ሁሉ፣ ማጣሪያ ያለው መኪና ማጣሪያው ቢታይ፣ መስኮቶቹም በትክክል መከፈታቸው ቢረጋገጥ መልካም ነው ብለን እናምናለን። የማይከፈት መስኮት ያለው የሕዝብ ማመላለሻ ለጤና ጎደሎ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የምንሻው ገንዘብ አይደለም። ሁለት ንጹሕ ነጭ ጨርቆች አርጥባችሁ፣ አንዱን በመንገድ ዳር ባለው የክፍል መስኮት ላይ፣ ሁለተኛውን በክፍሉ ውስጥ ለአንድ ቀን ሰቅላችሁ ለተማሪዎች አሳዩአቸው። በዐይናቸው ያዩትን በቤታቸው ይናገራሉ፤ አባታቸው ሾፌር የሆነ ደግሞ አባቱን ይጠይቃል። የልጅ ጥያቄ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ ሥራ እንደሚሠራ እናንተ ታውቃላችሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ውሃው ከጥሩ ምንጭ እንዲቀዳ የምንደክመውን ያህል፣ አየሩም ከጥሩ ቦታ እንዲሳብ መድከም ይገባናል። እንግዲህ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ከሚቀጥለው ጕዞ በፊት ከመሳቢያው ጀርባ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ጠቍሮ ካገኛችሁት፣ ያ ጥቍረት ማጣሪያው የያዘላችሁ ነው፤ ከእንግዲህ ግን የሚመጣውን ሊይዝላችሁ አይችልም፤ በአዲስ ይተካ። ተሳፋሪ የሆናችሁም፣ አቧራው ሲያልፍ አጠገባችሁ ያለውን መስኮት በስንዝር ክፈቱ።